ከአርባ ሦስቱ ጉድጓዶች ሃያ ስድስቱ

ማክሰኞ፣ መጋቢት 4

«በአንቀጽ 4.2 ላይ በተደረገው ውይይት፣ የከርሰ ምድር ውኃ ክትትል ክፍል ኃላፊ ረቂቁን ገጽ በገጽ መርምረው፣ መረጃውን አስተካክለውና በየገጹ ፈርመው የተስማሙ በመሆኑ፣ ከመከታተያ ጉድጓዶቹ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የተሟላ መረጃ የማይሰጡ መሆናቸው ተረጋግጧል። ስለሆነም መደበኛ ልኬቱ ከመጪው የበጀት ዓመት ጀምሮ እንዲቋረጥና ሀብቱ በሦስት ዓመት ውስጥ ተጨባጭ ውጤት ወደሚያስገኙ የቴክኖሎጂ ሥራዎች እንዲዛወር በሙሉ ስምምነት ተወስኗል።»

ከላይ ያለው የአገሪቱን የሳይንስና ቴክኖሎጂ ፖሊሲ ከሚያረቅቀው ኮሚቴ ቃለ ጉባኤ፣ ከገጽ 6 ቃል በቃል የተገለበጠ ነው። አንድ ፊደል አልጨመርኩም፣ አልቀነስኩም። ደብተሩን የጀመርኩት ለዚህ ነው። መጀመሪያ ምን እንደተባለ በኋላ ማንም እንዳያምታታኝ።

የክትትል ክፍሉ ኃላፊ እኔ ነኝ። አልተስማማሁም። ስብሰባው ላይም አልነበርኩም።

አርባ ሦስት ጉድጓዶች አሉን። የሚጠጣባቸው አይደሉም። ውኃው ከመሬት በታች ስንት ሜትር ላይ እንዳለ በየሳምንቱ የምንለካባቸው፣ ክንድ የማያስገቡ ቀጫጭን ጉድጓዶች ናቸው። ሠላሳ አንድ ዓመት ተለክተዋል፤ ሃያ ሁለቱን ዓመት በእኔ ኃላፊነት። ልኬቱ አንድ ዓመት ከተቋረጠ ያ ዓመት ተመልሶ አይለካም። ይህን ለማስረዳት ፕሮፌሰር መሆን አያስፈልግም።

ረቡዕ፣ መጋቢት 5

እንዴት እንደሆነ በቅደም ተከተል ልጻፈው።

ከሦስት ሳምንት በፊት፣ ሐሙስ ቀን፣ ረቂቁ በፖስታ መጣ። ስልሳ አራት ገጽ። ላዩ ላይ «ለአስተያየት» የምትል ቁራጭ ወረቀት ተለጥፋለች። ለማን አስተያየት፣ እስከ መቼ፣ አይልም። ቁጭ ብዬ አነበብኩት። የመቶኛዎቹ ድምር መቶ አንድ የሚመጣበት ቦታ ነበር፤ አረምኩ። ሊትርና ሜትር ኩብ የተቀላቀለበት ነበር፤ አረምኩ። ሠንጠረዥ 9 «ከ43 ጉድጓዶች 19ኙ የተቆራረጠ መረጃ አላቸው» ይላል። ስህተት ነው። የእኛ መዝገብ 26 ነው የሚለው። አረምኩ።

ምክትሌ አጠገቤ ነበረች። «19 ብለው ቢተዉትስ ዶክተር?» አለችኝ።

«ውሸት ላሳልፍ?» አልኳት። ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር። እሷም ወደ ጠረጴዛዋ ተመለሰች።

ከዚያ እንደ ልማዴ በየገጹ ግርጌ ፈርሜ መልሼ ላክሁት። በእኛ ክፍል መዝገብ ላይ የሚፈረመው «ይህን ገጽ አይቻለሁ፣ ቁጥሩ ልክ ነው» ለማለት ነው። ያላየነውን ገጽ አንፈርምም፤ ያየነውን ሳንፈርም አናልፍም። ይህን ልማድ እኔ ነኝ ያስያዝኳቸው።

አንቀጽ 4.2ን አላነበብኩም አልልም። አንብቤዋለሁ። ያኔ «ሊቋረጥ ይችላል» ነበር የሚለው። ሐሳብ ነበር። በሐሳቡ ላይ ራሱን የቻለ ደብዳቤ እጽፋለሁ ብዬ አቆየሁት። ዓመታዊው ሪፖርት ነበረብኝ። ሳልጽፈው ቀረሁ።

ዓርብ፣ መጋቢት 7

ሚኒስቴር ስልክ። ሦስት ጊዜ። «ስብሰባ ላይ ናቸው።» «ገና አልወጡም።» «ወጥተው ሄዱ።»

ምክትሌን ስለጮህኩባት ይቅርታ አልጠየቅኩም። ሰኞ።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 11

ሚኒስቴሩ። ስድስተኛ ፎቅ፤ ሊፍቱ ግን አራተኛ ላይ ያበቃል። ከዳይሬክተሯ ቢሮ ፊት ስድስት ወንበሮች ተደርድረዋል። አንደኛው እግሩ የላላ ነው፤ የቤቱ ሰው ያውቀዋል፣ እንግዳ ይቀመጥበታል። ተቀመጥኩበት።

ከተገጠመው በር ጀርባ ሁለት ሰዎች ያወራሉ።

«ሰውየው መጥቷል አሉ።»

«የትኛው ሰውዬ?»

«የጉድጓዱ። ነጠላ ሰረዝ አራሚው።»

ሳቁ። ያረምኩት ነጠላ ሰረዝ ብቻ እንዳልሆነ ገብቼ ልነግራቸው ከጀለኝ። ጥርሴን ነክሼ ቁጭ አልኩ።

የፖሊሲ ዝግጅት ዳይሬክተሯ የቀድሞ ተማሪዬ ናት። የማስተርስ ጥናቷን ያማከርኳት እኔ ነኝ፤ ከዚያ አምስት ዓመት በክፍላችን ሠርታለች። ጭቃ ውስጥ ቆማ ሜትር ይዛለች። ስገባ ከወንበሯ ተነሣች።

«ጋሼ፣ ምነው ሳይደውሉ?»

«አምስት ጊዜ ደውያለሁ። ዓርብ ሦስት፣ ትናንት ሁለት።»

«እንግዲህ ይቆጡኝ፣ ይገባኛል። ውኃ ላስመጣልዎ?»

«ውኃ አልፈልግም። ‹ተስማምተዋል› የሚለውን ማን ነው የጻፈው?»

ረቂቁን ከመሳቢያ አውጥታ ገጹን ማገላበጥ ጀመረች። በየግርጌው የእኔ ፊርማ፤ አንዱም አልተዛነፈም።

«ይሄ የማን ነው?»

«የእኔ። ቁጥሩን አይቻለሁ ማለት እንደሆነ ግን አንቺ ታውቂያለሽ። አምስት ዓመት ሙሉ ስትፈርሚ ኖረሻል።»

«እኔ አውቃለሁ። ኮሚቴው አያውቅም። እዚህ ቤት የተፈረመበት ገጽ ያለቀ ገጽ ነው።»

«ታዲያ አትነግሪያቸውም?»

ወደ መስኮቱ አየች። «እውነቱን ልንገርዎ ጋሼ? 19 እያለ አንቀጹ ሊወድቅ ነበር። ‹ከግማሽ በታች ነው፣ በዚህ አይዘጋም› ብለው ሁለት ሰዎች ሽንጣቸውን ገትረው ተከራክረዋል። እርስዎ 26 ሲያደርጉት ክርክሩ አበቃ።»

ሠንጠረዥ 9ን ገለጥኩ፤ 26 በእኔ እጅ ተጽፏል።

«ደግሞ እኔም የማስረዳቸው አለብኝ» አለች። «ፖሊሲ ማለት የሚተወውን መምረጥ ነው። በሚያዘው ላይማ ሁሉም ይስማማል። ሚኒስትሮቹ ፊት ቀርቤ ‹ሠላሳ አንድ ዓመት ለክተናል፣ አሁንም እንለካለን› ልበል? ‹ውጤቱስ?› ነው የሚሉኝ።»

«ውጤቱ ልኬቱ ነው።»

«እሱን ለእኔ ይበሉኝ፣ ለእነሱ ግን አደራዎን።»

ሳቀች። ድሮ ተማሪ ሆና እንደምትስቀው ነው። ተናድጄ ወጣሁ፤ ደረጃው ላይ ስደርስ በማን እንደተናደድኩ መለየት አቃተኝ።

ረቡዕ፣ መጋቢት 12

ለባለቤቴ ነገርኳት። ፋርማሲስት ናት፤ ነገር ታጣራለች።

«ፈርመሃል?»

«ፈርሜያለሁ፣ ግን...»

«እኔ ማዘዣ ላይ ከፈረምኩ መድኃኒቱን ሰጥቻለሁ ማለት ነው። ‹ያየሁት ዶዙን ብቻ ነው› ብል ማን ይሰማኛል?»

«ያንቺ ፋርማሲ ነው።»

«ያንተስ ምንድን ነው?»

ለዚህ ጥሩ መልስ ነበረኝ። አልመለስኩም፤ እራት ቀርቦ ነበር።

ሐሙስ፣ መጋቢት 20

የባለድርሻ አካላት የምክክር መድረክ። ትልቅ አዳራሽ፣ ክብ ጠረጴዛዎች፣ አንገት ላይ የሚንጠለጠል መታወቂያ። የእኔ «ተሳታፊ» ይላል።

የአገር ፖሊሲ እንዴት እንደሚቀረጽ ዛሬ በዓይኔ አየሁ፤ ስለዚህ ልመዝግበው። ግድግዳው ላይ አሥራ አራት ትልልቅ ወረቀቶች ተለጥፈዋል፤ በእያንዳንዳቸው ላይ አንድ የሥራ መስክ ተጽፏል። ለያንዳንዳችን ሦስት ሦስት አረንጓዴ ክብ ተለጣፊዎች ታደሉ። ቅድሚያ ይሰጠው በምንለው ላይ እንድንለጥፍ። መድረክ መሪው «ብዙ አታስቡ፣ ስሜታችሁን ተከተሉ» አለን። ሰው ሁሉ እንደ ሠርግ ቤት እየተሳሳቀ ግድግዳውን ወረረው።

«ሰው አልባ አውሮፕላን» ከአንገት እስከ እግሩ አረንጓዴ ሆነ። «የስልክ መተግበሪያዎች» እንደዚያው። «የረጅም ጊዜ ልኬትና ምልከታ» ላይ ሁለት ክብ ብቻ ነበር። አንዱ የእኔ ነው። ሌሎቹን ሁለቱን አንዱን ለዘር ምርምር፣ አንዱን ለላቦራቶሪ መሣሪያ ጥገና ሰጠሁ፤ ይገባቸዋል።

አጠገቤ የቆመው የሶፍትዌር ሰው አይቶኛል። «ምነው ዶክተር፣ ሦስቱንም እዚያው አይለጥፏቸውም ነበር? ሁላችንም እንደዚያ ነው ያደረግነው።»

«አልተከለከለም እንዴ?»

«ማን ይከለክላል?»

ከሰዓት በኋላ እጄን አውጥቼ ተናገርኩ። ሦስት ደቂቃ ተሰጠኝ። ሁለቱን ደቂቃ የአንቀጹ ቁጥር በሁለት ቦታ የተለያየ መሆኑን በማስረዳት ጨረስኩት። ስለ ጉድጓዶቹ ስጀምር ደወሉ ተደወለ። ዳይሬክተሯ መድረኩ ላይ አንገቷን ደፍታ ትጽፋለች፤ ወይም የምትጽፍ መስላለች።

ሁለተኛዋን ክብ የለጠፈው ማን እንደሆነ ሳፈላልግ ዋልኩ። አላገኘሁትም።

ዓርብ፣ መጋቢት 28

ለኮሚቴው የሚሄድ ደብዳቤ ጀመርኩ። አራት ገጽ። «ስሜን አጥፍታችኋል» የሚለው ዓረፍተ ነገር ሦስት ቦታ ገብቷል። ሁለቱን ሰረዝኩ።

ስለ ስሜ ብዙ ጻፍኩ፤ ስለ ውኃው አንድ አንቀጽ። ነገ ላስተካክለው።

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 3

ጉድጓድ 17 ሄድኩ። ለደብዳቤው አንድ ምሳሌ ያስፈልገኛል፤ ከቢሮ ሆኖ መጻፍ ደግሞ አልወድም።

ጉድጓዱ ከጡብ ፋብሪካው አጥር ጀርባ ነው። ሃያ አራት ዓመት የለካው ሰው እዚያው ሰፈር ይኖራል፤ ሰፈርተኛው «ጋሽ ሜትር» ነው የሚለው፣ እኛም እንደዚያ ለምደነዋል። ደርሼ ስመለከት የብረቱን ክዳን ከፍቶ፣ ቁልፉን ኪሱ ከትቶ፣ ሜትሩን በትከሻው አንግቶ ይጠብቀኛል።

«ዶክተር፣ መንገዱ አላስቸገረዎትም?»

«ደኅና ነው። እርስዎ እንዴት ነዎት ጋሽ ሜትር?»

«አለሁ፤ ከውኃው ጋር አብረን እየወረድን ነው።»

ሜትሩን ለቀቀው። ጫፉ ውኃ ሲነካ ይጮኻል፤ ሲጮህ ከጉድጓዱ አፍ ላይ ቁጥሩ ይነበባል። 38.42። ጻፈ። መመሪያው ሁለት ጊዜ ይለካ ይላል፤ አራት ደቂቃ ቆይቶ ደገመው። 38.47።

ልዩነቱ አምስት ሴንቲ ሜትር ነው። መመሪያው የሚፈቅደው አንድ ነው። ከበለጠ ቢሮ ሲደርስ የዕለቱ ልኬት በቀይ ይሰረዛል። እጄ ሳላዘው ወደ ኪሴ፣ ወደ ቀዩ እስክሪብቶ ሄዶ ነበር።

«አልገጠመም» አልኩት።

«አይገጥምም።»

«ለምን?»

«ይሰማዎታል አይደል?» አገጩን ወደ አጥሩ አቀና። ከወዲያ አንድ ሞተር ያጉረመርማል። «ፓምፑን ከፍተዋል። እነሱ ሲስቡ ይሄኛው ይወርዳል። ሦስተኛ ብለካው ሌላ ነው የምነግርዎ።»

ለካ። 38.51።

«እንዲህ ያለ ነገር ለምን አልነገሩኝም?»

ቀና ብሎ አየኝ። ቁጣ የለበትም፤ የረሳ ሰው እንደሚታይ ነው ያየኝ። «ነግሬዎታለሁ። በቃልም፣ በደብዳቤም አስጽፌ። ‹መመሪያው አንድ ሴንቲ ሜትር ነው› ብለው ነው የመለሱልኝ። ፊርማዎ አለበት፤ ቤት አስቀምጬዋለሁ።»

ደብዳቤውን አላስታውሰውም። የመለስኩለትን ግን አምናለሁ፤ አባባሉ የእኔ ነው።

«ለሚኒስቴሩ ይሄ ጉድጓድ መረጃው የተቆራረጠ ነው ብለናል» አልኩት።

«የተቆራረጠ?» ሜትሩን መጠቅለል አቆመ። «እኔ መቼ ቀርቼ አውቃለሁ ዶክተር? እናቴ ያረፈች ቀን እንኳን ለክቼ ነው ለቀብር የሄድኩት። የጎደለ ካለ ከወረቀቱ ነው እንጂ ከዚህ የጎደለ የለም።»

ክዳኑን ገጠምን። እሱ ቆለፈ፤ እኔ እንደ ልማዴ ጎትቼ አረጋገጥኩ።

«ይዘጋል የሚባለው እውነት ነው?»

«ገና ነው።»

«ለራሴ ብዬ አይደለም፤ እኔ መቼም ጡረታዬ ደርሷል። ግን ማን ያየዋል ብዬ ነው።»

መኪናው ውስጥ ገብቼ ትንሽ ቆየሁ። ከዚያ ተመልሼ ሦስቱንም ቁጥር በራሴ ማስታወሻ ላይ ገለበጥኩ። ጋሽ ሜትር ቆሞ አየኝ።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 4

አንድ ሴንቲ ሜትር የሚለውን መመሪያ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ኃላፊ በሆንኩ በሁለተኛው ወር። በጊዜው ለኪዎቹ ቤታቸው ቁጭ ብለው ቁጥር ይፈጥሩ ነበር፤ መመሪያው ያንን አስቁሟል። ጥሩ መመሪያ ነበር።

ፓምፕ ያን ጊዜ ጥቂት ነበር።

ሰኞ፣ ሚያዝያ 8

ከምክትሌ ጋር መዝገቦቹን ከመደርደሪያ አወረድን። ሃያ ስድስቱን ጉድጓዶች በሙሉ። በእኛ ቤት የሚሰረዝ ቁጥር በአንድ መስመር ብቻ ይሰረዛል፤ ከሥሩ መነበብ አለበት። ቢያንስ ይህኛውን ደንብ በማውጣቴ ደስ ብሎኛል።

እሷ ታነባለች፣ እኔ እጽፋለሁ። «ጉድጓድ 4። ደኅና፣ ደኅና፣ ቀይ። ደኅና። ቀይ። ቀይ።»

ከሰዓት በኋላ «ቀይ» ማለት ሰለቻት፤ ጠረጴዛውን በጣቷ መምታት ጀመረች።

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 10

ጉድጓድ 17። ጠረጴዛው አላረፈም።

«ዶክተር፣ ቀይ እስክሪብቶ ብቻውን ስንት ፓኮ ፈጅተናል?» አለችኝ። ሳቅኩ። ከዚያ ስለዚያን ቀኑ ጩኸት ይቅርታ ጠየቅኳት።

«የቱ ቀን?» አለች።

አንዱን ብቻ ነበር የቆጠርኩት።

ዓርብ፣ ሚያዝያ 12

ቆጥረን ጨረስን። ሁለት ጊዜ ቆጠርን፤ ገጠመ።

ከሃያ ስድስቱ ጉድጓዶች ዘጠኙ የእውነት ጎድለዋል። ክዳን ተሰብሯል፣ መንገድ ተቆርጧል፣ አንዱ ለኪ ሞቶ ስድስት ወር ተተኪ አልተገኘም። አሥራ ሰባቱ ግን አንድም ሳምንት አልጎደለባቸውም። ለኪዎቹ ለክተዋል፣ ጽፈዋል፣ ፈርመዋል። የሰረዝኩት እኔ ነኝ። አሥራ ሰባቱም ከፓምፕ አጠገብ ናቸው።

ይህ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። ሳንሰርዝ የተውነው ፓምፑ ያረፈበትን ቀን ነው፤ የሰረዝነው ፓምፑ የሚሠራበትን። የሰረዝኩትን መልሰን በግራፍ ስንስለው በአሥራ ሰባቱ ጉድጓዶች ውኃው በሃያ ሁለት ዓመት በአማካይ አሥራ አንድ ሜትር ወርዷል። በየዓመቱ ሪፖርቴ ላይ ያቀረብኩት አራት ሜትር ነው። ከተማው አዲስ የጉድጓድ ፈቃድ የሚሰጠው ያንን አራት ሜትር እያየ ነው።

ምክትሌ ግራፉን ለረጅም ጊዜ አየችው።

«አንቺ የሰረዝሽው የለም?» አልኳት።

«አንድም።»

«ለምን?»

«እኔ ብሰርዝ ‹ምክንያቱን አስረጂ› እባላለሁ። እርስዎን ማን ይጠይቃል?»

ከዚያ በሩን ገፋ አድርጋ ዘጋችው። «እንግዲህ የፈለጉትን ያድርጉ፤ ግን ይህን ከነገርናቸው ‹ታዲያ መረጃችሁ ሁሉ በምን ይታመናል?› ነው የሚሉን። አርባ ሦስቱንም ይዘጉታል። እርስዎንም።»

ልክ ናት። ሊሆን ይችላል። ስለ ፊርማው ብቻ ጽፌ ስለ ቀዩ ዝም ማለት እችላለሁ። በፊርማው ተበድያለሁ፤ ውሸት የለበትም። ኮሚቴው ቃለ ጉባኤውን ያርማል፣ አንቀጹ ይወድቃል፣ ጉድጓዶቹ ይተርፋሉ። በሚቀጥለው ዓመት ቀስ ብዬ መመሪያውን እለውጣለሁ። ማንም አያውቅም።

ጋሽ ሜትር ያውቃል። ደብዳቤውን ቤት አስቀምጦታል።

እሑድ፣ ሚያዝያ 14

ደብዳቤው ዘጠኝ ገጽ ደርሷል። ባለቤቴ ከምሳ በኋላ መነጽሯን አድርጋ አነበበችው። ስታነብ ፊቷ ላይ ምንም አይነበብም፤ የሙያዋ ነው።

«ያጠፋኸው የት ላይ ነው ያለው?»

«ገጽ ሰባት።»

«ገጽ ሰባት ድረስ የሚያነብ አለ?»

«በቅደም ተከተል ነው የጻፍኩት። መጀመሪያ እነሱ ያደረጉት፣ ከዚያ...»

«አንተ ሰው፣ በሽተኛው መርዙን ከጠጣ በኋላ ነው ማስጠንቀቂያውን የምታነብለት። መጀመሪያ ላይ አድርገው።»

«መጀመሪያ ላይ ካደረግኩት የቀረውን አያነቡትም።»

«አንተ ብትሆን አታነበውም?»

አሰብኩ። አነበዋለሁ። «ተሳስቻለሁ» ብሎ የሚጀምር ደብዳቤ በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ አንድም አልደረሰኝም፤ ቢደርሰኝ እስከ መጨረሻው አነበው ነበር።

መነጽሯን አወለቀች። «ቢያባርሩህስ?»

«ቢያባርሩኝ ያንቺ ፋርማሲ ሣጥን አነሣለሁ።»

«አንተን? ሣጥኑ ሁሉ በፊደል ተራ ካልተደረደረ ብለህ ደንበኛ ልታባርርብኝ?»

ዓርብ፣ ሚያዝያ 19

ዳይሬክተሯ ራሷ ደወለች።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ልንገርዎ ብዬ ነው። ረቂቁ ሰኞ ግንቦት 13 ለምክር ቤቱ ወደ ኅትመት ይወጣል። ከዚያ በፊት በጽሑፍ የገባ ሁሉ ከፋይሉ ጋር ይያያዛል። በቃል የተባለ ግን እንዳልተባለ ነው።»

«ከተያያዘ ይነበባል?»

«ይያያዛል ነው ያልኩዎ።»

«መልስስ?»

«ቀን ካልቆረጡለት የውኃ ሽታ ሆኖ ይቀራል።» ስልኩን ልዘጋ ስል ቀጠለች። «ጋሼ... ስለ 19ኙ እኔ ያልኩዎትን፣ ሳልነግራቸው መቅረቴን... ጽፈውታል?»

«በማስታወሻዬ ጽፌዋለሁ።»

«ደብዳቤው ላይስ?»

«ደብዳቤው ላይ የእኔን ነው የምጽፈው። ያንቺን አንቺ ጻፊው።»

«እሺ ጋሼ» አለች። እሺ ያለችው ልትጽፈው ይሁን ስላልጻፍኩባት አላውቅም። ተማሪ ሳለች ሲገባትም ሳይገባትም «እሺ ጋሼ» ነበር የምትለው፤ ልዩነቱን ጠይቄ አላውቅም ነበር።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 25

ከጋሽ ሜትር በስልክ፦ 38.60፣ 38.64። ሳንሰርዝ አስገባነው።

ደብዳቤው አሁን አምስት ገጽ ነው። ግንቦት 13 እየቀረበ ነው። አንዱን አንቀጽ ስቆርጥ ሌላው ይረዝማል።

ሰኞ፣ ሚያዝያ 29

ሁለት ገጽ። «ስሜን አጥፍታችኋል» የሚለው ወጥቷል። ምክትሌ የአሥራ ሰባቱን ጉድጓዶች ሠንጠረዥ በአባሪነት አዘጋጀች። አንድ ስህተት ፈልጌ አጣሁበት። ነገርኳት፤ እንዳልሰማች ሆና «ምን አሉኝ?» አለች። ደገምኩላት።

ዓርብ፣ ግንቦት 3

ዛሬ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ሚኒስቴሩ መዝገብ ቤት ራሴ ወስጄ አስገባሁ። የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ ማኅተሙን ከመምታቷ በፊት የመጀመሪያዎቹን መስመሮች አነበበች፤ ከዚያ ቀና ብላ እኔን አየችኝ፣ ከዚያ መታችው። ማኅተም ያረፈበትን ቀሪ ይዣለሁ። ቃሉ እነሆ፦

ለሳይንስና ቴክኖሎጂ ፖሊሲ አርቃቂ ኮሚቴ

ጉዳዩ፦ በእጄ የገባው ስህተትና በስሜ የተመዘገበው ስምምነት እንዲታረሙ ስለመጠየቅ

በረቂቁ ሠንጠረዥ 9 ላይ 19 የነበረውን ቁጥር 26 ያደረግኩት እኔ ነኝ። 26 ስህተት ነው። ትክክለኛው 9 ነው።

ከ26ቱ ውስጥ አሥራ ሰባቱ ጉድጓዶች ባለፉት ሃያ ሁለት ዓመታት በየሳምንቱ ተለክተዋል። ልኬታቸው ጎድሎ የታየው እኔ ያወጣሁት መመሪያ ከፓምፕ አጠገብ ላለ ጉድጓድ የማይሠራ ስለነበረና ለኪዎቹ ይህን ሲያስረዱኝ ስላልሰማኋቸው ነው። የተሰረዘው ልኬት እንዳለ ተገኝቷል፤ በአባሪ 1 ተያይዟል። ሲመለስ የሚያሳየው በነዚህ ቦታዎች ውኃው በአማካይ 11 ሜትር መውረዱን ነው። እኔ በየዓመቱ 4 ሜትር ብዬ ሪፖርት አድርጌያለሁ። ለዚህ ተጠያቂው እኔ ነኝ፤ ለመሥሪያ ቤቴ የበላይ ኃላፊም የዚህን ደብዳቤ ግልባጭ ሰጥቻለሁ፤ በእኔ ላይ የሚወሰነውን እሳቸው ይወስናሉ።

በረቂቁ ገጾች ላይ ያለው ፊርማ የእኔ ነው። የፈረምኩት ቁጥሮቹን ማየቴን ለመግለጽ ነበር፤ በአንቀጽ 4.2 ግን አልተስማማሁም። በአንቀጹ ላይ ተቃውሞዬን በጊዜው በጽሑፍ ማቅረብ ነበረብኝ፤ አላቀረብኩም። አሁን አቀርባለሁ፦ ልኬቱ መቋረጥ የለበትም።

መንግሥት በሳይንስ ከሚሠራው የትኛውን እንደሚያስቀድምና የትኛውን እንደሚተው የመወሰን ሥልጣን አለው። ይህን አልከራከርም። የምከራከረው የተተወው ነገር በራሱ ጉድለት የወደቀ ተደርጎ እንዳይጻፍ ነው። ጉድጓዶቹ አልጎደሉም። ለኪዎቹም አልጎደሉም። ልኬቱ ይቋረጥ የሚባል ከሆነ፣ በእኔ ቁጥርና በእኔ ፊርማ ሳይሆን በወሳኙ ስምና በራሱ ምክንያት ይባል።

ስለዚህ በቃለ ጉባኤው ገጽ 6 «የተስማሙ በመሆኑ» የሚለው እንዲወጣ፣ ሠንጠረዥ 9 በአባሪ 1 እንዲተካ፣ አንቀጽ 4.2ም በተስተካከለው ቁጥር እንደገና እንዲታይ እጠይቃለሁ። ይህ የማይሆን ከሆነም ከመጪው የበጀት ዓመት የመጀመሪያ ሰኞ ጀምሮ አርባ ሦስቱን ጉድጓዶች ማን እንደሚለካ፣ ማንም የማይለካቸው ከሆነም ይህን የወሰነው ማን እንደሆነ በስም ይገለጽልኝ።

ረቂቁ ሰኞ ግንቦት 13 ወደ ኅትመት እንደሚወጣ አውቃለሁ። በመሆኑም መልሱ በስልክ ወይም በሰው በኩል ሳይሆን ተጽፎና ተፈርሞ እስከ ዓርብ ግንቦት 10 ቀን፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት ድረስ እንዲደርሰኝ እጠይቃለሁ።